ዌስትፋሊያ፦ ስሙ እንጂ ሥራው ያልታወቀ ውል

ስለ ዓለም ፖለቲካ የሚናገር ምሁር ብዙም ሳይቆይ «የዌስትፋሊያ ሉዓላዊነት» ማለቱ አይቀርም፤ አንዱ መንግሥት በሌላው የውስጥ ጉዳይ ጣልቃ አይገባም ለማለት ነው። በቅርቡ የታደምኩበት ውይይት ላይም ይኸው ተደገመ። «ውሉን አንብበውታል?» ብዬ ልጠይቅ እጄን ባወጣም ዕድሉ ስላልደረሰኝ እዚህ ልተንፍሰው።

መነሻው የታወቀ ነው። በ1618 እ.ኤ.አ. ፕራግ ላይ የተለኮሰው የሠላሳ ዓመት ጦርነት የጀርመንን ምድር ካራቆተ በኋላ፣ ኦክቶበር 24 ቀን 1648 በአንድነት የዌስትፋሊያ ውል የሚባሉት ሁለት ውሎች ተፈረሙ። የጀርመኑ ንጉሠ ነገሥት ከፈረንሳይ ጋር በሙንስተር፣ ከስዊድን ጋር በኦስናብሩክ ተደራደረ። ሁሉም ባንድ አዳራሽ የተቀመጡበት ቀን የለም።

የእኔ ፍቅር ከኦስናብሩኩ ውል አምስተኛ አንቀጽ ጋር ነው፤ በተለይም እዚያ ከሰፈረችው አንዲት ቀን ጋር፦ ጃንዋሪ 1 ቀን 1624። የ1555ቱ የአውግስቡርግ ስምምነት የሕዝቡን ሃይማኖት ለመስፍኑ ምርጫ ትቶት ነበር፤ መስፍኑ እምነት በለወጠ ቁጥር አገሩ ይታመሳል። የ1648ቱ ሰዎች ግን እንደ ድንበር ሸምጋይ አሰቡ። «እውነተኛው እምነት የማን ነው?» ማለቱን ትተው «በዚያች ዕለት በዚህ ቤተ ክርስቲያን ማን ያመልክ ነበር?» አሉ። ለዚህኛው ጥያቄ መዝገብም ምስክርም ይገኛል፤ በዚያች ዕለት የነበረውም እንዲጸና ደነገጉ። ዓመቷም የመጣችው በድርድር ነው፤ ፕሮቴስታንቶቹ 1618ን፣ ካቶሊኮቹ ድል የቀናቸውን የኋለኞቹን ዓመታት ሲሹ መሐል ላይ ተገናኙ። (ግዕዝን ከኢትዮጵያዊው አባ ጎርጎርዮስ ጋር ያጠናው ጀርመናዊው ምሁር ኢዮብ ሉዶልፍ ኤርፉርት ውስጥ የተወለደው በዚያው በ1624 ነው፤ ይህን ሳልጠቅስ ማለፍ አልቻልኩም።)

ደንቡ ሠርቷል። የሳክሶኒው መስፍን አውግስጦስ በ1697 የፖላንድን ዘውድ ፈልጎ ካቶሊክ ሲሆን ሕዝቡ ሉተራዊ እንደሆነ ቀረ። የኦስናብሩክ ጵጵስና ደግሞ አንዴ ለካቶሊክ፣ አንዴ ለፕሮቴስታንት እንዲፈራረቅ ስለተወሰነ፣ በ1764 ተራው የፕሮቴስታንቶቹ ሲሆን የእንግሊዙ ንጉሥ ጆርጅ ሦስተኛ ልጅ ፍሬድሪክ በስድስት ወሩ ጳጳስ ተባለ! ሳቁ፤ ግን በጡት ልጅ ጵጵስና ማንም ሰይፍ አልመዘዘም።

ውሉ ጉድለት የለውም አልልም። የሚያውቀው ካቶሊክን፣ ሉተራዊንና ካልቪናዊን ብቻ ነው፤ የንጉሠ ነገሥቱ ቤት የሀብስቡርግ ርስት በሆኑት አገሮች የሚኖሩ አብዛኞቹ ፕሮቴስታንቶችም ከጥላው ውጪ ቀርተዋል። የተጣሰበትም ጊዜ አለ፦ በ1731 የሳልዝቡርግ ሊቀ ጳጳስ ፕሮቴስታንቶቹን ሲያባርር፣ ውሉ ቢያንስ ሦስት ዓመት የሰጠውን የመውጫ ጊዜ መሬት ለሌላቸው ወደ ስምንት ቀን አሳጠረው።

አሁን ወደ ሉዓላዊነቱ። ውሉ መስፍኑ በገዛ አገሩ የሕዝቡን ሃይማኖት እንዳይነካ እጁን አሰረ። መሳፍንቱ ከውጭ ኃይል ጋር ቃል ኪዳን እንዲገቡ ቢፈቅድም በንጉሠ ነገሥቱና በግዛቱ ላይ እንዳያነሱት ከለከለ። ፈረንሳይንና ስዊድንን፣ ሁለት የውጭ መንግሥታትን፣ የውሉ ዋስ አደረጋቸው፤ ቢጣስ ጣልቃ እንዲገቡ መብት ሰጣቸው ማለት ነው። ይህን «በውስጥ ጉዳይ ጣልቃ አለመግባት» መነሻ አድርጎ መጥቀስ ስንፍና ነው። መምህራን ሆይ፣ በሚቀጥለው ሴሚናር ስሙን ከማንሳታችሁ በፊት እባካችሁ አምስተኛውን አንቀጽ አንብቡት።