ማርሚታው ለምን ያለቅሳል?

ሃይድሮጅን ከንጥረ ነገሮች ሁሉ ቀላሉ ነው፤ አንድ ፕሮቶን፣ አንድ ኤሌክትሮን፣ አለቀ። በጠፈር ካለው ተራ ቁስ በክብደት ሦስት አራተኛው ገደማ እሱ ነው፤ ፀሐይም የምታበራው እሱን ወደ ሂሊየም እየለወጠች ነው። ይህን ሁላችንም ትምህርት ቤት ተምረናል። ያው ተማሪ ግን አድጎ መኪና ይገዛና ማለዳ ከማርሚታው ጠብ ጠብ የሚል ውሃ ሲያይ “ማደያው ውሃ ቀላቅሎ ሸጠልኝ” ይላል። አንድ ጎረቤቴ በዚሁ ጉዳይ ከነዳጅ ቀጂ ጋር ተጣልቶ ነው የመጣው።

ቀጂው ምን አጠፋ? ቤንዚን በአብዛኛው ካርቦንና ሃይድሮጅን ነው። ሲቃጠል ካርቦኑ ካርቦን ዳይኦክሳይድ፣ ሃይድሮጅኑ ደግሞ ከአየሩ ኦክስጅን ጋር ተገናኝቶ ውሃ ይሆናል። 1 ሊትር ቤንዚን ሲነድ 1 ሊትር ገደማ ውሃ ይወጣዋል! ማርሚታው ሲግል በእንፋሎት ስለሚበን አናየውም፤ ማለዳ ብረቱ ቀዝቃዛ ሲሆን ግን ጤዛ ሠርቶ ይንጠባጠባል። ሞተሩ ከሞቀ በኋላም ነጭ ጭስ ካላቋረጠና የራዲያተር ውሃ ከጎደለ ያ ሌላ ጉዳይ ነው፤ መካኒክ ይየው።

ማድ ቤትም ያው ነው። ቀዝቃዛ ውሃ የሞላ ድስት ጋዝ ምድጃ ላይ ጣዱና ወዲያው ጎንበስ ብላችሁ ቂጡን እዩት፤ ያልበዋል። ድስቱ አላፈሰሰም፣ ጋዙም ውሃ አልገባበትም። 12.5 ኪሎ የሲሊንደር ቡቴን ነዶ ሲያልቅ ከ19 ኪሎ በላይ ውሃ ይሰጣል፤ ትርፉ ክብደት ከአየር የመጣ ኦክስጅን ነው። ያንኑ ድስት በደንብ በተያያዘ ከሰል ላይ ብትጥዱት ላቡ እዚህ ግባ አይባልም። የእንጨቱ ሃይድሮጅን አብዛኛው ከሰሉ ሲከሰል በጭስ ሄዷላ።

እንግዲህ ውሃ ነዶ ያለቀ ሃይድሮጅን ነው። በውሃ የሚሄድ መኪና ፈለሰፍኩ የሚል ሰው በተነሳ ቁጥር ካሜራ ይዘው የሚሮጡ ጋዜጠኞችን የምታዘበው ለዚህ ነው። አመድ መልሶ አይነድም። ሃይድሮጅንን ከውሃ መለየት ይቻላል፣ ነገር ግን ለመለየት የሚጠፋው ጉልበት መልሶ ሲነድ ከሚገኘው አያንስም።

ነጠላውን የሃይድሮጅን ጋዝ ምድር ላይ ማግኘት ብርቅ ነው። ቀላል ስለሆነ ወደ ላይ ያመልጣል፤ በአየር ውስጥ ከ2 ሚሊዮን ሞለኪውል አንዱ ቢሆን ነው። ከምድር ስር ግን ይገኛል። ማሊ ውስጥ ቡራኬቡጉ በተባለች መንደር በ1987 እንደ ፈረንጆች ውሃ ፍለጋ የተቆፈረ ጉድጓድ ነፋስ ብቻ ሲተፋ፣ አንዱ ሲጋራውን እንደያዘ ቀረበና ነፋሱ ነደደ። ጉድጓዱ ተደፈነ። ከዓመታት በኋላ ጋዙ 98 በመቶ ሃይድሮጅን ሆኖ ተገኘና ለመንደሯ መብራት ዋለ። ከኤርታሌ የሚወጣው ጋዝ ውስጥም ጥቂት አለ።

ሌላው ሁሉ ከሌላ ንጥረ ነገር ጋር ተጣብቆ በየጓዳው ነው የሚኖረው። የነጠረ ቅቤ በክብደት ሲመዘን ከውሃ እንኳ ትንሽ የበለጠ ሃይድሮጅን አለው። የሎሚውና የእንጀራው ኮምጣጣነት ምላሳችን የሚያውቀው በሃይድሮጅን አዮን ነው።

ሃይድሮጅን ለእኛ አደገኛ የሚሆነው የመኪና ባትሪ ቻርጅ ሲደረግ ነው። በአሲዱ ያለው ውሃ እየተለያየ ሃይድሮጅን ይለቃል፤ ጋዙ ሽታም ቀለምም የለውም፣ በአየር ውስጥ 4 በመቶ ከደረሰ ይቀጣጠላል። እኔ ግን የባትሪ ክዳን ከፍቶ የውሃውን መጠን በላይተር መብራት የሚያይ ሰው በዓይኔ አይቻለሁ። ስልካችሁ ላይ መብራት አለላችሁ እኮ! ከሌላ መኪና በኬብል ስታስነሱም የመጨረሻውን የኔጋቲቭ መቆንጠጫ በሞተው ባትሪ ላይ አትሰኩት፤ ራቅ ካለ፣ ቀለም ካልተቀባ የሞተር ብረት ላይ አድርጉት። ብልጭታው እዚያ ይሁን።