ድክ ድክ የሚል ልጅና የቤት ውስጥ ጣጣ

ልጅ መዳህ ሲጀምር የቤቱ ሰላም ያበቃል። ዱቄቱ ይደፋል፤ መሶቡ ይገለበጣል፤ ዶሮዋ ከታቀፈችው እንቁላል ላይ ትባረራለች። ድክ ድክ ማለት ሲጀምር ደግሞ ይብሳል። እናት ውሃ ቀድታ እስክትመለስ ልጁ አመድ ለብሶ፣ እጁን ሊጥ ውስጥ ነክሮ ይጠብቃታል። "ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም" ይባል የለ! እኛም በአሶሳ ዙሪያ በየቤቱ ስንገባ ይህን አይተን ስቀናል። ግን ሁሉም የሚያስቅ አይደለም።

ልጅ እንዲህ የሚያደርገው ለምንድን ነው? ተንኮለኛ ሆኖ ነውን? አይደለም። እኛ የማናውቀውን ነገር እንጠይቃለን። እሱ ግን መጠየቂያ ቋንቋ ገና የለውም። ስለዚህ ይነካል፣ ይጎትታል፣ ይቀምሳል። እሳት እንደሚያቃጥል፣ ነጭ ጋዝ ውሃ እንዳልሆነ አያውቅም። ዛሬ ብትመቱት ነገ ይረሳዋል። ልጁን ከመምታት ቤቱን ማስተካከል ይሻላል።

ከሁሉ በፊት እሳቱን እንይ። ሦስቱ ጉልቻ ያለው መሬት ላይ ነው። ለሚድህ ልጅ ልክ በቁመቱ ነው ማለት ነው። የገንፎ ውሃ ይፈላል፤ ልጁ የድስቱን ጆሮ ይዞ ልቁም ይላል፤ ድስቱ ይገለበጣል። የሕፃን ቆዳ ከአዋቂ ቆዳ ይሳሳል። እኛን በጥቂቱ የሚለበልበን ፍል ውሃ እሱን በጥልቀት ያቃጥለዋል።

በአሶሳ፣ በባምባሲና በሆሞሻ አካባቢ ለዚህ የሚሆነው መላ ከደጃችን በቅሏል። ቀርከሃ ነው! በቀርከሃ ቤት የሚሠራ ሰው ምድጃውን ማጠር አያቅተውም። (ይህ ሥራ የእናት ብቻ አይደለም፤ አባትም ይስማ።) አጥሩ ከልጁ ደረት ከፍ ይበል፤ የልጁ ጭንቅላትም በመካከሉ አይለፍ። ቀርከሃ ራሱ እሳት ይይዛልና ከነበልባሉ በደንብ ይራቅ። ስለቱም በቢላዋ ይስተካከል።

ልጁ ከተቃጠለስ? ቅቤ፣ ጭቃ ወይም ሊጥ አትቀቡት። ቅቤ ሙቀቱን አፍኖ ያስቀራል፤ ጭቃ ቁስሉን ያመረቅዘዋል። ንጹሕ ቀዝቃዛ ውሃ ለ20 ደቂቃ ቀስ እያላችሁ አፍስሱበት። "ምነው ረዘመ!" ትሉ ይሆናል። ሙቀቱ ግን ከቆዳው ውስጥ ቶሎ አይወጣም። ልብሱ ከቆዳው ጋር ከተጣበቀ አትላጡት፤ ውሃ የቋጠረውንም አታፍርጡት። በንጹሕ ጨርቅ ሸፍናችሁ ወደ ጤና ኬላ ወይም ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት።

ኩራዝ የምታበሩ ደግሞ ይህን አስተውሉ። ብዙ ሰው ነጭ ጋዝ በለስላሳ ጠርሙስ ያስቀምጣል። ልጁ የሚጠጣ መስሎት ይጎነጫል። ያን ጊዜ እናት ደንግጣ ልታስመልሰው ጣቷን ጉሮሮው ውስጥ ትከታለች። ይህ ጉዳቱን ያብሰዋል! ጋዝ ሲወርድ ወደ ሳንባ ሊገባ ይችላል፤ በትውከት ሲመለስም እንደገና ሊገባ ይችላል። ሳንባ የገባ ጋዝ የሳንባ ምች ያስከትላል። ስለዚህ አታስመልሱት። ጠርሙሱን ይዛችሁ ልጁን ወዲያው ወደ ጤና ጣቢያ አድርሱ። ጠርሙሱን ያየ ባለሙያ ምን እንደተጠጣ ያውቃል። የአረምና የተባይ መድኃኒትም እንዲሁ ነው። ሁሉንም ልጅ በማይደርስበት ከፍታ ላይ ቆልፉበት።

ለውዝ በዚህ አገር ሞልቷል። ለሕፃን ጥሩ ምግብ ነው፤ ግን ተወቅጦ ከገንፎ ጋር ይሁን። 5 ዓመት ላልሞላው ልጅ ፍሬውን እንዳለ አትስጡት፤ አየር ቧንቧው ውስጥ ይሰነቀራል። ልጁ ጮክ ብሎ የሚያስል ከሆነ ይሳል፣ ተዉት። ድምፁ ከጠፋ ግን በደረቱ ጭናችሁ ላይ አስተኙት። ራሱን ዝቅ አድርጋችሁ በትከሻዎቹ መካከል በመዳፋችሁ 5 ጊዜ ጠንከር አድርጋችሁ ምቱት። የማይታያችሁን ነገር በጣት አትፈልጉ፤ ወደ ውስጥ ትገፉታላችሁ። ቀሪውን ዘዴ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ በእጇ እንድታሳያችሁ ጠይቋት።

ውሃ የያዘ ባልዲም አለ። የሕፃን ጭንቅላት ከሰውነቱ ጋር ሲመዛዘን ከባድ ነው። ጎንበስ ብሎ ከተደፋ መነሣት ያቅተዋል። አይጮህም፤ ጎረቤትም አይሰማም። ባልዲውን ክደኑ፤ መክደኛ ከሌለው ድፉት።