የአሮጌ ቫዮሊን ዋጋው ከማዕዘኑ

የቫዮሊን ደረቱ ስፕሩስ፣ ጀርባውና ጎኑ ሜፕል ነው። ይህን ሁሉም ያውቃል። አሮጌ ቫዮሊን የወረሰ ሰው ግን እንጨቱን ትቶ በግራው የድምፅ ቀዳዳ አጮልቆ በውስጥ የተለጠፈችውን ወረቀት ያነባል። የስትራዲቫሪ ስም ካለባት እንቅልፍ የለም።

አንቶኒዮ ስትራዲቫሪ ክሬሞና ውስጥ የሞተው እ.ኤ.አ. በ1737 ነው። ስሙ የተለጠፈባቸው አብዛኞቹ ቫዮሊኖች ከዚያ እጅግ ዘግይተው፣ በሳክሶኒዋ ማርክኖይኪርሽንና በአካባቢዋ ተሠርተዋል። አንዱ ቤተሰብ አንገት ይቀርጻል፣ ሌላው ደረት፣ ሌላው ጀርባ፤ ነጋዴው ሰብስቦ ያስገጥምና ይልካል። ንግዱ ከመድራቱ የተነሣ አሜሪካ በ1893 በዚያች ትንሽ ከተማ የቆንስላ ጽሕፈት ቤት ከፍታ ነበር። የስትራዲቫሪ ስም የሚያመለክተው ሠሪዎቹ የተከተሉትን ቅርጽ ነው። አንድ ወጣት የአያቱን ቫዮሊን ሲያሳየኝ ከታላቁ ስም ግርጌ በደቃቅ ፊደል «ጀርመን» የሚል ነበረበት። አሜሪካ በ1890 ባወጣችው የቀረጥ ሕግ ከውጭ የሚገባ ዕቃ የተሠራበት አገር እንዲጻፍበት ስላዘዘች፣ ያ ቃል ካለ ቫዮሊኑ ከዚያ ወዲህ የተሠራ ነው ማለት ይቻላል። ቃሉ ስለሌለ ግን ቫዮሊኑ ከዚያ በፊት ተሠርቷል አይባልም።

እኔ የምወደው ማዕዘኑን ማየት ነው። አራቱ ማዕዘኖች ከውስጥ የጎኑን ስስ እንጨት የሚይዝ ድፍን ቁራጭ ሊኖራቸው ይገባል። ጊዜ ለመቆጠብ ጨርሶ የተዉት አሉ። ስስ ቁራጭ ለጥፈው ከኋላው ባዶ የተዉትም አሉ። በድምፅ ቀዳዳ የሚታዩትን የታችኞቹን ብቻ አበጅተው የላይኞቹን የረሱም ሞልተዋል። ስለዚህ ጅማቶቹ ላልተው፣ ከታች ያለችው መያዣ ቁልፍ ትነቀልና በቀዳዳዋ ይታያል። ጅማት ማላላትና ቁልፍ መንቀል የባለሙያ ሥራ ነው፤ አደራ፣ ቤት ውስጥ አትሞክሩት። በደረቱ ሥር በርዝመቱ የሚሄደውም ዘንግ ለብቻው ተሠርቶ የተጣበቀ መሆን አለበት፤ ከራሱ ከደረቱ ተፈልፍሎ የቀረ ከሆነ ሥራው የጥድፊያ ነው።

ድምፁ ማማሩ ተጫዋቹን ያስደስታል እንጂ የገበያ ዋጋውን የሚወስኑት ሠሪው፣ የተሠራበት ቦታና ጤንነቱ ናቸው። የደረት ስንጥቅ በደንብ ከተጠገነ ብዙ አይጎዳም። ከድልድዩ አጠገብ በውስጥ በሚቆመው በትር ግርጌ ጀርባው ከተሰነጠቀ ግን ዋጋው ክፉኛ ይወርዳል። ከእነዚህ የጅምላ ቫዮሊኖች መካከል ማዕዘኑ ድፍን፣ ዘንጉ በደንብ የተገጠመ ሲገኝ፣ ለተማሪ እንደ እሱ ያለ የለም፤ ዛሬ በዚያው ገንዘብ ከሚገዛ ብዙ አዲስ ቫዮሊን ይሻላል።

ቫርኒሹን ፍቀው «አሳመርኩት» የሚሉ ሰዎች ያሳዝኑኛል፤ የዋጋውን ትልቅ ድርሻ አብረው ፍቀውታል። ከሱቅ በተገዛ ሙጫ ስንጥቅ የሚደፍኑትም እንዲሁ። ቫዮሊን የሚጣበቀው ከእንስሳ ቆዳ በሚወጣ ሙጫ ነው፤ እሱ በእርጥበትና በሙቀት ይለቃል፣ ጠጋኙም እንጨቱን ሳይጎዳ ይከፍተዋል። ሌላው ሙጫ ግን ሲከፈት እንጨቱን ይዞ ይነሣል።