«ካልተመታ አይሰማም»፦ ስለ ክፍል ሥርዓት የሚነገሩ ተረቶችና እውነታዎች

በአንደኛ ደረጃ ክፍል ውስጥ «ረብሻ» የሚባለው አብዛኛው ነገር ጥቃቅን ነው፦ እጅ ሳያወጡ መናገር፣ ከዴስክ መነሣት፣ የጓደኛን ላጲስ መንጠቅ፣ ኋላ ወንበር ላይ መሣቅ። ድብድብና ስርቆት የሚያጋጥመው አልፎ አልፎ ነው። በአዲስ አበባ በተክለ ሃይማኖት ዙሪያም ሆነ በሌላው የልደታ ክፍለ ከተማ የዛሬ ወላጆችና መምህራን በአብዛኛው ያደጉት ግን ለጥቃቅኑም ለከባዱም ጥፋት አንድ መድኃኒት ይታዘዝ በነበረበት ዘመን ነው፤ በማስመሪያ መዳፍ መመታት፣ ኩርኩም፣ ወይም ጥቁር ሰሌዳ ሥር መንበርከክ። ከዚያ ዘመን የተወረሱ እምነቶች እስካሁን በመምህራን ማረፊያም በወላጆች ስብሰባም ይሰማሉ። አንዳንዶቹ ፈጽሞ ስሕተት ናቸው። አንዳንዶቹ ግን ግማሽ እውነት ስላላቸው ለመንቀል ያስቸግራሉ።

«ካልተመታ አይሰማም»

ዱላ ምንም አይሠራም ማለት ትክክል አይሆንም። አንድ ልጅ ሲመታ ክፍሉ ወዲያው ጸጥ ይላል። ችግሩም እዚሁ ላይ ነው። ያ ድንገተኛ ጸጥታ ለደከመው መምህር ሽልማት ስለሚሆን በሚቀጥለው ቀን እጁ ወደ ማስመሪያው ቶሎ ይሄዳል፤ ከልጁ ይበልጥ የሚሠለጥነው መምህሩ ነው ማለት ይቻላል። ልጁ የሚማረው መምህሩ በሚያይበት ሰዓት አለመረበሽን ብቻ ነው። ምን ማድረግ እንደነበረበት ዱላው አይነግረውም።

ዱላው የሚያርፈው በማን ላይ እንደሆነም ማየት ያስፈልጋል። በኢትዮጵያ፣ በሕንድ፣ በፔሩና በቬትናም ልጆችን ለዓመታት የተከታተለው «ያንግ ላይቭስ» የተባለው ጥናት በኢትዮጵያ ከጠየቃቸው የ8 ዓመት ልጆች ሦስት አራተኛ ያህሉ ከመጠየቃቸው በፊት በነበረው አንድ ሳምንት መምህር ተማሪ ሲመታ አይተዋል። በአራቱም አገሮች የ8 ዓመት ልጆች የሚመቱበት መጠን ከ15 ዓመት ልጆች ከእጥፍ በላይ ነበር። የ8 ዓመት ልጅ ከ15 ዓመቱ እጥፍ ስለሚያጠፋ አይመስልም፤ መልሶ መቋቋም ስለማይችል እንጂ።

ገርሾፍና ግሮጋን-ኬይለር የተባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2016 ባሳተሙት ሥራ የግማሽ ምዕተ ዓመት ጥናቶችን፣ በጠቅላላው ከ160 ሺህ በላይ ልጆችን የሚመለከቱ፣ አንድ ላይ መርምረዋል። ጥናቶቹ በአብዛኛው የቤት ውስጥ ምትን የሚመለከቱ ናቸው። በእጅ መመታት ከጠበኝነትና ከእምቢተኝነት መጨመር ጋር ሲያያዝ ተገኝቷል። «አስቸጋሪ ልጅ ስለሆነ ነው የሚመታው» የሚለው ክርክር ተገቢ ነው፤ የዚህ ዓይነት ጥናት የትኛው የትኛውን እንዳመጣ ብቻውን አይለይም። ሆኖም መመታት ጠባይን እንዳሻሻለ የሚያሳይ ውጤት አልተገኘም።

«ቀላል ቅጣት በሕግ አልተከለከለም»

ተከልክሏል። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 36 ንኡስ አንቀጽ 1 ሕፃናት በትምህርት ቤትና በማሳደጊያ ተቋማት ከአካላዊ ቅጣት ነጻ የመሆን መብት እንዳላቸው ይደነግጋል። ኢትዮጵያ የተቀበለችው የተባበሩት መንግሥታት የሕፃናት መብቶች ስምምነትም የትምህርት ቤት ሥርዓት የልጁን ሰብአዊ ክብር የጠበቀ እንዲሆን ያዛል። ስምምነቱን የሚከታተለው ኮሚቴ እ.ኤ.አ. በ2006 ባወጣው ማብራሪያ ደግሞ አካላዊ ቅጣት ማለት የቱንም ያህል ቀላል ቢሆን ሕመም ወይም ምቾት ማጣት እንዲያደርስ ታስቦ የሚፈጸም መሆኑን ገልጿል። ቁንጥጫም፣ ልጅን በማይመች አኳኋን ማቆየትም በዚያ ውስጥ ተጠቅሰዋል። ስለዚህ «እኔ አልመታም፣ አንበረክካለሁ እንጂ» የሚለው የተለመደ መከላከያ ውኃ አይቋጥርም።

የቤቱ ጉዳይ ይለያል። በ1997 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 576 በልጅ ላይ የሚፈጸም በደልን ቢቀጣም ወላጅ ወይም ተመሳሳይ ኃላፊነት ያለው ሰው ለማስተካከል የሚወስደውን ሕጋዊ ተግሣጽ ለይቶ ያስቀምጣል። መምህሩ ከወላጁ ፈቃድ መበደር የሚችል የሚመስለው በዚህ ምክንያት ነው። «ዓይኑን ብቻ ይተዉልኝ» የሚለው የድሮ ወላጅ አደራ በአንዳንድ ቤት ዛሬም አልጠፋም። ሕገ መንግሥቱ የሰጠው መብት ግን የልጁ ስለሆነ ወላጅ ለመምህር አሳልፎ የሚሰጠው ነገር የለውም።

«ግርፋት ባህላችን ነው»

በከተማው የድሮ ሰፈሮች ፊደል የሚቆጠረው የኔታ ፊት ነበር፤ አለንጋውም በዚያው አለ። ይህን መካድ አይቻልም። ከቄስ ትምህርት ቤት የተወረሰው ግን አለንጋ ብቻ እንደሆነ አድርጎ መናገር ቅርሱን ማሳነስ ነው። እዚያ ፊደል የለየ ልጅ ያልለየውን ያስቀጽላል፤ ትልቁ ትንሹን ይይዛል። እያንዳንዱ ልጅ ለብቻው ቀርቦ ያነብባል፤ «ሀ ሁ»ን ሳይጨርስ ወደ «አቡጊዳ» አይገፋም፣ ከጨረሰም ሌላው እስኪደርስ አይጠብቅም። ሥራ የያዘ ልጅ የመረበሻ ጊዜ የለውም፤ ትንሽ ኃላፊነት የተሰጠው ደግሞ ጨርሶ ይለወጣል። ዛሬ በአውደ ጥናት እንደ አዲስ ግኝት የሚቀርበው የእርስ በርስ መማማር በዚህ አገር ከተማው ራሱ ከመቆርቆሩ በፊት የነበረ አሠራር ነው።

«የረባሾችን ስም መጻፍ ሥርዓት ያስይዛል»

መምህሩ ሲዘገይ ወይም ስብሰባ ሲጠራ የክፍል አለቃው ጠመኔ ይዞ ይቆማል። ሰሌዳው ጥግ ላይ «ረባሾች» ይላል፣ ከሥሩ ስም ይደረደራል፤ ደግሞ ያወራ ልጅ ስሙ አጠገብ ምልክት ይጨመርበታል። በዚህ ያላለፈ የአዲስ አበባ ተማሪ ጥቂት ነው። በብስኩትና በከረሜላ ስም ሲጠፋ ያላየም እንዲሁ። የ9 ዓመት ልጅን ከሳሽም ዳኛም ማድረግ ሌላ ውጤት ሊኖረው አይችልም።

ዋናው ጉድለት ግን ጠለቅ ያለ ነው። ለልጅ የአዋቂ ትኩረት፣ ቁጣም ቢሆን፣ ሽልማት ሊሆን ይችላል። እ.ኤ.አ. በ1968 ተመራማሪው ማድሰንና ባልደረቦቹ በአንድ የአሜሪካ አንደኛ ክፍል ውስጥ መምህራን «ተቀመጡ» የሚሉበትን ብዛትና ከወንበር የሚነሡትን ልጆች ቁጥር አብረው መዘገቡ። ትእዛዙ ሲበዛ የሚነሣውም በዛ። መምህራኑ የተነሣውን ትተው ተቀምጦ የሚሠራውን ማመስገን ሲጀምሩ የሚነሣው ቀነሰ። ስሙ ሰሌዳ ላይ የወጣ ልጅ በክፍሉ ፊት ታወቀ፤ ጸጥ ብሎ ሥራውን የሠራው አልታወቀም።

በዚያው ዓመት የታተመ ሌላ የማድሰን፣ የቤከርና የቶማስ ጥናት ደንብን፣ ማመስገንንና ጥቃቅን ረብሻን ችላ ማለትን አንድ በአንድ እየጨመረ ፈትኗል። ደንብ ማውጣት ብቻውን ይህ ነው የሚባል ለውጥ አላመጣም፤ ለውጡን ያመጣው በተለይ ለመልካም ጠባይ የሚሰጥ ምስጋና ነው። ግድግዳ ላይ የተለጠፈ «የክፍል ሕግ» ጌጥ ሆኖ የሚቀረው ለዚህ ነው። ደንብ እንደ ማባዛት ሠንጠረዥ መጠናት አለበት። እንዴት እንደሚገባ፣ ውኃ ለመጠጣትና ሽንት ቤት ለመሄድ እንዴት እንደሚጠየቅ፣ ደብተር በየት በኩል እንደሚታደል፣ ቀድሞ የጨረሰ ምን እንደሚሠራ በመስከረም የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ይታያል፣ ይሠራል፣ ይታረማል፤ ከገና በኋላም ይከለሳል። ለዚህ የሚውለው ጊዜ የባከነ የሚመስላቸው መምህራን ያንኑ ጊዜ ቆይተው «ዝም በሉ!» በማለት ይከፍሉታል።

«ማመስገን ልጅ ያባልጋል»

ግማሽ እውነት ያለው እዚህ ነው። «ጎበዝ፣ አጨብጭቡለት!» የሚለው ምስጋና አብዛኛውን ጊዜ የሚደርሰው እጁን ቀድሞ ለሚያወጣው ያው ልጅ ነው፤ ለምን እንደተጨበጨበለትም አይናገርም። እንዲህ ያለው ምስጋና ቶሎ ይረክሳል። የሚሠራው የተደረገውን ነገር ጠርቶ የሚያመሰግነው ነው፦ «ሳልነግርህ ደብተርህን አውጥተህ ቀኑን ጽፈሃል»። እንዲህ ሲባል የሰማ ጎረቤትም ደብተሩን ያወጣል። ቢያንስ በቀን አንዴ የምስጋና ቃል የማይሰማ ልጅ ካለ እሱ ብዙውን ጊዜ «ረባሽ» የተባለው ልጅ ነው፤ አምስት ደቂቃ ሲቀመጥ ለመያዝ መጠበቅ ያስፈልጋል።

ስለ ዕቃ ሽልማት ያለው ጥርጣሬ ደግሞ መሠረት አለው። ሌፐር፣ ግሪንና ኒስቤት እ.ኤ.አ. በ1973 ባሳተሙት ጥናት ሥዕል መሣል የሚወዱ ሕፃናት ለመሣላቸው ሽልማት እንደሚሰጣቸው አስቀድሞ ሲነገራቸው ቆይተው የመሣል ፍላጎታቸው ቀንሷል። ሳይጠብቁት የተሸለሙት አልቀነሰባቸውም። ልጁ ቀድሞ በወደደው ሥራ ላይ ከረሜላ መጨመር ስለዚህ ጉዳት አለው።

«50 ልጅ ባለበት ክፍል ይህ ሁሉ አይሆንም»

የትምህርት ሚኒስቴር መለኪያ ለአንደኛ ደረጃ በአንድ ክፍል 50 ተማሪ ነው፤ ከዚያ የሚያልፉ ክፍሎችም አሉ። ድካሙ የእውነት ነው። ነገር ግን ብዛቱ የሚያስገድደው ተቃራኒውን ነው፤ 50 ልጅ በየተራ መቅጣት ከማስተማር የበለጠ ጊዜ ይፈጃል፣ አንዱ ክፍለ ጊዜም 40 ደቂቃ ብቻ ነው።

ጄከብ ኩኒን የተባለው አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ምሁር ክፍሎችን በቪዲዮ ቀርጾ ጥሩ ሥርዓት ያላቸውንና የሌላቸውን መምህራን አወዳድሮ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1970 ባሳተመው መጽሐፍ እንዳቀረበው፣ ሁለቱን የለያቸው ጥፋት ከተፈጸመ በኋላ የሚወስዱት እርምጃ አልነበረም። የተሳካላቸው ማን ምን እያደረገ እንደሆነ እንደሚያውቁ ተማሪዎቹ የተረዱላቸው፣ ሁለት ነገር በአንድ ጊዜ መያዝ የሚችሉ፣ ከአንዱ ሥራ ወደ ሌላው ሳይንዛዙ የሚያሸጋግሩ ናቸው። የቅጣት ክርክር ሁሉ ዘግይቶ የሚመጣ ክርክር እንደሆነ ይህ ግኝት ብቻውን ያሳያል።

በተጨናነቀ ክፍል ይህ ወደ ቀላል ልማዶች ይወርዳል። መምህሩ ሰሌዳው ሥር አይቆምም፤ በዴስኮቹ መካከል ይዞራል፣ የሚያወራው ልጅ አጠገብ ሲደርስ ማስተማሩን ሳያቋርጥ ይቆማል። እርማቱን ጎንበስ ብሎ በዝቅተኛ ድምፅ ይናገራል። ጥያቄውን ለአንድ ልጅ ሳይሆን ለሁሉም ያቀርባል፣ መልሱን ሁሉም በጣት ቁጥር ወይም በደብተር ያሳያሉ። እ.ኤ.አ. በ1969 ካንሳስ ውስጥ በአራተኛ ክፍል የተፈተነው «የመልካም ጠባይ ጨዋታ»ም ወጪ የለውም። ክፍሉ በቡድን ይከፈላል፤ ደንብ ሲጣስ ምልክት የሚደረገው በቡድኑ ላይ ነው፤ ከተወሰነ ቁጥር በታች የቀሩ ቡድኖች በሙሉ ያሸንፋሉ፣ ለምሳሌ ቀድመው ለዕረፍት ይወጣሉ። ረብሻው በእጅጉ ቀንሷል። በረድፍና በቡድን ለተደራጀ የአዲስ አበባ ክፍል ይህ ባዕድ አይሆንም፤ አንዱን ልጅ ቡድኑ እንዳይወርድበት ግን መምህሩ መጠበቅ አለበት።

«ረባሽ ልጅ ያሳዳጊ በደል ነው»

አንዳንዴ ይሆናል። ብዙ ጊዜ ግን ምክንያቱ ክፍሉ ውስጥ ይገኛል። ሰሌዳው የማይታየው ልጅ ከጎረቤቱ ለመገልበጥ ይነሣል። ጆሮው የሚያስቸግረው «አይታዘዝም» ይባላል። አፉን በሌላ ቋንቋ ፈትቶ በአማርኛ የሚማር ልጅ መመሪያው ሳይገባው ይቀራል፤ መርካቶ አፍንጫው ሥር በሆነ ሰፈር፣ ከየክፍለ ሀገሩ የመጣ ቤተሰብ በሚኖርበት፣ ይህ ብርቅ አይደለም። ሰፈሩ በመልሶ ማልማት የተነሣበት ልጅ ጓደኞቹን አጥቶ፣ ማለዳ ታክሲ ተጋፍቶ ይደርሳል። ረኀብም አለ፤ ከተማ አስተዳደሩ ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ በመንግሥት ትምህርት ቤቶች ያስፋፋው ምገባ ለሥርዓትም የሚጠቅመው በዚህ በኩል ነው። ከፍርድ በፊት ለአንድ ሳምንት ሦስት ነገር መመዝገብ ይበቃል፦ ከረብሻው በፊት ምን ነበር፣ ምን አደረገ፣ ከዚያ በኋላ ምን አገኘ። ሁልጊዜ ሒሳብ ሲጀመር የሚረብሽና ወደ ውጭ የሚባረር ልጅ ሒሳብን ማምለጫ አግኝቷል፤ ቅጣቱ የፈለገው ነው።

«ዱላ ከቀረ ልጅ ይለቃል»

ሥርዓት የያዘ ክፍል ያለ መዘዝ አይኖርም፤ መዘዙ ግን ከጥፋቱ ጋር ይያያዛል። ያፈሰሰ ይጠርጋል፣ የጓደኛውን ደብተር የቀደደ ይገለብጥለታል፣ በጨዋታ ያባከነውን ሥራ በዕረፍት ሰዓት ይጨርሳል። «ሁለተኛ አልረብሽም» ብሎ መቶ ጊዜ ማስጻፍ ግን መጻፍን ራሱን ቅጣት ያደርገዋል። «ወላጅ አምጣ»ም ለቅጣት ብቻ ሲውል ልጁ ቤት ሄዶ ይመታል ወይም ከመንገድ ላይ «አጎቴ» የሚለውን ሰው ይዞ ይመጣል፤ ይህን የማያውቅ ዩኒት ሊደር የለም። ወላጅ ለመልካም ዜናም ከተጠራ የሚመጣው እውነተኛው ወላጅ ነው።

«መምህራን ሥልጠና ቢሰጣቸው ይበቃል»

ኡጋንዳ በሉዌሮ ወረዳ 42 አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ላይ የተካሄደ ፈተና እ.ኤ.አ. በ2015 ታትሟል። «ጉድ ስኩል ቱልኪት» የተባለው ፕሮግራም ርዕሰ መምህሩን፣ መምህራንን፣ ተማሪዎችንና አካባቢውን አንድ ላይ ይዞ ለ18 ወራት ሠርቷል፤ ተማሪዎች በትምህርት ቤት ሠራተኞች የመመታት ዕድላቸው በ42 በመቶ ቀንሷል፣ የትምህርት ውጤታቸውም አልወረደም። በታንዛኒያ ንያሩጉሱ የስደተኞች ካምፕ ደግሞ መምህራን ቁጣቸውን እንዲቆጣጠሩና ክፍል እንዲመሩ በቡድን ያሠለጠነ ሌላ ፕሮግራም ተፈትኖ ምቱን አልቀነሰም። ሁለቱን ከሚለያዩት ነገሮች አንዱ የመጀመሪያው መላውን ትምህርት ቤት መያዙ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ለዚህ የሚሆን አካል አዲስ መፍጠር አያስፈልግም፤ የወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረት በየትምህርት ቤቱ አለ፣ አሁን ግን የሚሰበሰበው በአብዛኛው ለመዋጮና ለግንባታ ነው።