ሽምብራው ካለቀ በኋላ

ጨዋታው ሲያበቃ መምህራኑ መጀመሪያ የሚሉትን አውቀዋለሁ፤ «ስግብግብነታችን ጨረሰን!» ይላሉ። ይሳሳቃሉ፤ ብዙ ጀልባ የገዛው ቡድን ላይ ጣት ይቀስራሉ። መምህራንን በማሠልጠን ሥራዬ የዚህችን ቃል ያህል የምፈራው የለም። ስግብግብነት ከተባለ ነገሩ ወደ ምክርና ተግሣጽ ይዞርና ኢኮኖሚክሱም የአካባቢ ሳይንሱም ሳይነኩ ይቀራሉ።

የጨዋታው ሐሳብ የዴኒስ ሜዶውስ ነው፤ በ1972 እ.ኤ.አ. የወጣውንና የዕድገትን ወሰን የመረመረውን ዝነኛ ጥናት ከጻፉት አንዱ ናቸው። «ፊሽ ባንክስ» በሚባለው ጨዋታቸው ቡድኖች የዓሣ ኩባንያ ሆነው መርከብ ይገዛሉ፣ ያጠምዳሉ፣ ይከስራሉ። እኛ መብራት ቢጠፋም እንዳይቋረጥ አቅልለነዋል። ሐይቁ ክዳን ያለው ሳህን ነው፤ ዓሣው ሽምብራ፤ ጀልባው የለስላሳ ቆርኪ። አምስቱ ቡድኖች በየዙሩ ሊያጠምዱ የሚፈልጉትን ለየብቻ ጽፈው ይሰጡኛል። መነጋገር ክልክል ነው። ባተረፉት ቆርኪ ይጨምራሉ፤ የተገዛ ቆርኪ ግን አይመለስም፤ ሥራ ቢፈታም ወጪው አይቀርም።

ሐይቁ ቢበዛ 100 ሽምብራ ይይዛል። ከዙሩ በኋላ 50 ከቀረ 20 ይወለዳል። 90 ከቀረ ግን 7 ብቻ ነው የሚጨመረው፤ ምግቡና ቦታው ስለሚጠብ። 10 ሲቀርም ያው 7 ነው፤ የሚራቡት ጥቂት ናቸውና። ስለዚህ ሐይቁን ግማሽ ላይ ማቆየት ቢቻል አምስቱም ቡድኖች አራት አራት እያወጡ እስከፈለጉት ድረስ ይኖሩ ነበር። ሰንጠረዡን አስቀድሜ አላሳያቸውም። ዓሣ አጥማጅ የሐይቁን ሆድ አያይም።

ጨዋታውን የሚያከርረው ግን ዋጋው ነው። ወደ ገበያ የሚወጣው ዓሣ ሲያንስ የአንዱ ሽምብራ ዋጋ ይወጣል። ሐይቁ እየተራቆተ ሳለ የቡድኖቹ ገቢ ለጥቂት ዙር ብዙም አይነካም፤ አንዳንዴ እንዲያውም ያድጋል። ገንዘብ ያዡ መዝገቡን አይቶ «ጥሩ ነን» ይላል፤ አንድ ቆርኪ ይጨምራል። ክዳኑ ሲነሳ ሳህኑ ውስጥ ሦስት ፍሬ ይገኛል።

ለውይይቱ ከጨዋታው የማያንስ ጊዜ እሰጣለሁ። ጊዜ ከጠበበ የማሳጥረው ጨዋታውን ነው እንጂ ውይይቱን አይደለም። «ስሌት የተሳሳተው የትኛው ቡድን ነው?» እላለሁ። ወረቀቶቹን አንድ በአንድ ስናይ የተሳሳተ የለም። እኔ ያላጠመድኩትን ዓሣ ሌላው ያጠምደዋል፤ ትርፉ የእኔ ብቻ ሲሆን ጉዳቱ ለአምስት ይካፈላል። በእንዲህ ያለ ደንብ ውስጥ ደግ ሰው ቢገባም ያው ነው የሚሆነው። ይህ ሲገባቸው ጣት መቀሰሩ ይቆማል።

ከሁሉም የምወደው ተቃውሞ ግን ብዙ ጊዜ ከጂኦግራፊ መምህራን ይመጣል፦ «እንዳንነጋገር የከለከሉን እርስዎ አይደሉም እንዴ?» እውነታቸውን ነው። ጋሬት ሃርዲን በ1968 እ.ኤ.አ. ያቀረቡት የጋራ ግጦሽም እንዲሁ ነበር፤ እረኞቹ አይነጋገሩም፣ መስኩም ያልቃል። ለእሳቸው መውጫው ወይ የግል ማድረግ ወይ የመንግሥት ቁጥጥር ነበር። በ2009 እ.ኤ.አ. በኢኮኖሚክስ ኖቤል ያገኙት ኤሊኖር ኦስትሮም ደግሞ በእውን የሚነጋገሩ ሰዎችን ፈልገው አጠኑ። በቱርክ አላንያ ዓሣ አጥማጆቹ የማጥመጃ ቦታዎችን ለይተው ዕጣ ይጣጣሉ ነበር፤ ከዚያ በየቀኑ አንድ ቦታ ወደ ቀጣዩ እየተሸጋገሩ ጥሩውንም መጥፎውንም ይካፈሉ ነበር። ቦታዬን የያዘብኝን የማየው ራሴ ስለሆንኩ ጥበቃው ብዙ ወጪ አይጠይቅም።

ከሰሜን ሸዋ የመጣ ሰው ካለ ወደ ቱርክ መሄድ አያስፈልገንም። የመንዝ ጓሳን ሣር ነዋሪዎቹ በራሳቸው ሥርዓት ለዓመታት እየዘጉ፣ ሲደርስ በአንድ ላይ ከፍተው ያጭዱት ነበር። የ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ያንን ሥርዓት አፈረሰው፤ በኋላ በማኅበረሰብ ጥበቃ መልሶ ቆሟል። በአንጻሩ ጣና ላይ ነጭ ዓሣው በክረምት ለመራባት ወደ ጉማራና ርብ ወንዞች ሲወጣ መረቡ አፋቸው ላይ ይጠብቀዋል። የዓሣ ሀብት አዋጅ ቁጥር 315/1995 ከወጣ ቆይቷል፤ ወረቀት ብቻውን መረብ እንደማያነሳ መምህራኑ ራሳቸው ይናገራሉ።

ሁለተኛውን ጨዋታ መነጋገር ፈቅጄ አስጀምራለሁ። ብዙ ጊዜ አራት አራት ለማጥመድ በደቂቃዎች ውስጥ ይስማማሉ፤ የሒሳብ መምህራን ካሉ ደግሞ ቶሎ ይደርሱበታል። ጭቅጭቁ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። አራት ቆርኪ የገዛው ቡድን «ዕዳ አለብኝ፤ አንድ ቆርኪ ካለው ጋር እኩል እንዴት ይደርሰኛል?» ይላል። ባለ አንዱ «ያኔ ማን ግዛ አለህ?» ይለዋል። ቆጣሪ ይቀጠር ሲባል ደመወዙን ማን ይክፈል የሚል ይነሳል፤ ከአምስቱ ውጭ ስድስተኛ አጥማጅ ቢመጣስ የሚልም አይጠፋም። የኢኮኖሚክሱ መምህር ኮታው በገበያ ይሸጥ ይላል፤ የሥነ ዜጋው መምህር ገንዘብ ያለው ብቻ ሊያጠምድ ነው ብሎ ይነሳበታል። እኔ አልዳኛቸውም፤ ክርክሩን ይዘውት ወደ ምሳ ይሄዳሉ።