ካሜራው በሩን ትቶ ለምን ግንቡን ያያል?

የሚዞር ካሜራ ገዝተው ግድግዳ ላይ ሰቀሉ። በስልክዎ የግቢውን በር፣ መኪና ማቆሚያውንና የጓሮውን አጥር እያሳዩ ቦታዎቹን መዘገቡለት። ከሳምንታት በኋላ «በር» የሚለውን ሲነኩ የበሩ ግማሽ ብቻ ይታያል፤ የቀረው ግንብ ነው። ብዙ ሰው ወዲያው አስተካክሎ ቦታውን እንደገና ይመዘግባል። አይቸኩሉ። የአሳሳቱ ዓይነት ምክንያቱን ስለሚናገር፣ ሳያጤኑት አያጥፉት።

በአብዛኞቹ የቤት ካሜራዎች ውስጥ ያለው ስቴፐር የሚባል ሞተር ነው። ኤሌክትሪክ በተላከለት ቁጥር አንዲት ትንሽ እርምጃ ብቻ ይራመዳል። በጣም የተለመደው ባለ 5 ቮልት ዓይነት አንድ ዙር ለመጨረስ 2048 ያህል እርምጃ ይፈልጋል። ካሜራው ሲበራ እስከ ጫፍ ይዞርና እዚያ ላይ ዜሮ ብሎ መቁጠር ይጀምራል። ከዚያ በኋላ ዓይኑን ተሸፍኖ እርምጃ እየቆጠረ ቤት ውስጥ እንደሚሄድ ሰው ነው፤ ርካሹ ካሜራ በእርግጥ መዞሩን የሚያረጋግጥበት ነገር የለውም። ሞተሩ 20 እርምጃ ቢያመልጠው በሩ ከ3 ዲግሪ በላይ ይሸሻል፤ ካሜራው ግን ቆጠራው ልክ ይመስለዋል።

ስለዚህ መጀመሪያ ነቅለው መልሰው ይሰኩት። ዜሮውን እንደገና አግኝቶ በሩን በትክክል ካሳየ፣ ችግሩ ያመለጠ እርምጃ ነው። እኔ ከሁሉ በፊት የምጠረጥረው ኃይሉን ነው። 30 ሜትር ርዝመትና 0.5 ካሬ ሚሊሜትር ውፍረት ባለው የመዳብ ገመድ 1 አምፔር ሲያልፍ 2 ቮልት ያህል መንገድ ላይ ይቀራል፤ ከአዳፕተሩ 12 ሆኖ የወጣው ካሜራው ጋ 10 ገደማ ሆኖ ይደርሳል። ማታ የኢንፍራሬድ መብራቱ ሲበራ ደግሞ ይብስበታል። በቴስተር የሚለኩት ካሜራው ጋ፣ በጨለማ፣ እየዞረ ሳለ ይሁን፤ አዳፕተሩ ጋ መለካት ይህን አያሳይም። መፍትሔው ወፍራም ገመድ ወይም አዳፕተሩን ማቅረብ ነው። ካሜራው ሲዞር የሚወጠር ገመድ ካለም ያላሉት።

ተነቅሎ ተሰክቶም ካልተስተካከለና ሁሉም ቦታዎች ወደ አንድ ወገን እኩል ከሳቱ፣ የተንቀሳቀሰው ማሰሪያው ነው፤ ብሎኑን ያጥብቁ። ከግራ ሲመጣ አንድ ቦታ፣ ከቀኝ ሲመጣ ሌላ ቦታ የሚቆም ከሆነ ግን የሚያዞሩት የማርሽ ጥርሶች ተበልተው ክፍተት ፈጥረዋል። ይህን እቤት መጠገን ከባድ ነው። ምናልባት ሁልጊዜ በግራ ያለ ሌላ ቦታ ነክቶ ወደ በሩ እንዲመጣ ማድረግ ይረዳል።

ዙም ሲጨመር ትንሿ ስሕተት ትገዝፋለች። 60 ዲግሪ ስፋት ሲያይ የግማሽ ዲግሪ መሳት አይታወቅም። በ30 እጥፍ ዙም የሚያየው 2 ዲግሪ ገደማ ብቻ ስለሆነ፣ ያው ግማሽ ዲግሪ የምስሉን ሩብ ይወስዳል። ቦታ ሲመዘግቡ በሩን ዙሪያው ካለው ጋር ሰፋ አድርገው ይያዙ።

አደራ፣ ካሜራው በርቶ ሳለ በእጅዎ አይጠምዝዙት፤ ቆጠራው ይዛባል፣ የፕላስቲክ ጥርሱም ይሰበራል።