ጢሱ ካለፈ በኋላ በሳንባ ውስጥ የሚቀረው ብግነት

በሐርቡና በአካባቢው አጥቢያዎች ስንዘዋወር፣ ለማስቀደስ ሲመጡ ደጀ ሰላሙ እስኪደርሱ ሁለት ሦስት ጊዜ ቆመው የሚያርፉ አባቶችን እናያለን። «እርጅና ነው» ይላሉ፤ «ብርድ መታኝ» የሚሉም አሉ። ሲጋራ ያጨሱ እንደ ነበር ግን ለንስሐ አባታቸው እንኳ ደፍረው አይናገሩም። አጼ ዮሐንስ 4ኛ ትንባሆን በጥብቅ ከከለከሉበት ዘመን ወዲህ ከመቶ ዓመት በላይ ቢያልፍም ኀፍረቱ ዛሬም አለ። ከማጨስ ቢያግድ መልካም ነበር፤ የሚያግደው ግን ከሕክምና ነው።

ሐኪሞች ሲኦፒዲ የሚሉት ሥር የሰደደ የሳንባ ሕመም የሚብሰው የገዛ ጠባቂዎቻችን በሚያደርሱት ጉዳት ነው። በሳንባ የአየር ከረጢቶች ውስጥ ማክሮፋጅ የሚባሉ፣ አቧራንና ተህዋስያንን የሚውጡ ሕዋሳት አሉ። ጢሱ ሲደርስባቸው የማንቂያ ንጥረ ነገር ረጭተው ኒውትሮፊል የተባሉትን ነጭ የደም ሕዋሳት ይጠራሉ። የተጠሩትም ኤላስቴዝ የተባለ ኢንዛይም ይለቃሉ። ኢንዛይሙ ሳንባን እንደ ላስቲክ የሚለጥጠውንና የሚመልሰውን ኤላስቲን ይበላል። ሰውነት ይህን የሚገታ ፕሮቲን ቢኖረውም ጢሱ እርሱንም ያዳክመዋል። ሲዲ 8 የተባሉት የቲ ሕዋሳት ሲጨመሩ ጉዳቱ ይብሳል፤ ከረጢቶቹ ይፈርሳሉ፣ ቧንቧው በአክታ ይጠብባል፣ የገባው አየር ለመውጣት ይቸገራል።

እጅግ የሚደንቀው፣ በአጫሽ ሳንባ ውስጥ ማክሮፋጆች ብዙ እጥፍ ሲበዙ ባክቴሪያን የመዋጥ ብቃታቸው መቀነሱ ነው። ዘበኛው በዝቶ ሌባው የማይያዝበት ቤት ይመስላል። ሕመምተኛው ደረቱን ደጋግሞ የሚታመመው በከፊል በዚህ ምክንያት ነው። አስም ከዚህ ይለያል፤ በአብዛኛው ኢዮሲኖፊል የሚባሉ ሌሎች ሕዋሳት ያይሉበታል፣ ለስቴሮይድም በተሻለ ይታዘዛል። ስለዚህ የጎረቤትን የሚሳብ መድኃኒት መዋስ አይገባም። በማገዶና በኩበት ጢስ ዕድሜያቸውን የጨረሱ፣ ሲጋራ በእጃቸው ያልነኩ እናቶችም በዚሁ ሕመም ይያዛሉ።

ማጨስ ካቆሙ በኋላም ብግነቱ በብዙዎች ላይ ለዓመታት ይቆያል፤ የፈረሰውም ከረጢት አይመለስም። «እንግዲህ ምን ይጠቅመኛል?» ለሚል ግን መልስ አለ። ፍሌቸርና ፒቶ የተባሉ እንግሊዛውያን ተመራማሪዎች የለንደን ሠራተኞችን ለ8 ዓመታት ተከታትለው እ.ኤ.አ. በ1977 ባወጡት ጽሑፍ፣ ማጨስ ያቆሙ ሰዎች የሳንባ አቅም መቀነሱ ወደማያጨስ ሰው ፍጥነት እንደሚመለስ አሳይተዋል። በ60 ዓመት ማቆምም ትርፍ አለው።

ለካህናት አባቶቻችን አንድ ልመና አለን። ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ በጸረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት ጊዜ ጸበልና መድኃኒት አብረው እንደሚሄዱ አስተምረዋል። የሳንባ ሕመምተኛም ጸበል ሲጀምር ወይም ጾም ሲገባ በራሱ ውሳኔ መድኃኒቱን እንዳያቋርጥ፣ እስኪጠይቀን ሳንጠብቅ እኛ ቀድመን እንጠይቀው። ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ የሚያስል ከሆነ የሳንባ ነቀርሳ እንዳይሆን በቅድሚያ አክታውን በጤና ጣቢያ ያስመርምር።